ስለ ቅጥቅጥና ስለ ቀጥቃጮቹ

(በተማሪዎች ኅብረት የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ ማታ ስለምን እንደምንናገር ስንመካከር አንዳንድ ጓደኞቻችን «ስለ ሳተላይት ወይም ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብትናገሩ አይሻልም ወይ?» ብለውን ነበር። አሳባቸው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ከመካከላችን ሳተላይት በእጁ የነካ የለም፤ በቅጥቅጥ ያልተሳፈረ ግን አይገኝም። ከበደሌ የመጣውም፣ ከያዩና ከሁሩሙ የመጣውም፣ ከጎሬ ቁልቁል የወረደውም፣ ከጅማ በሌሊት የተነሣውም ጉልበቱን ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር እያጋጨ፣ ሻንጣውን ጣራ ላይ አስጭኖ በቅጥቅጥ ነው እዚህ የደረሰው። እንግዲህ ሁላችሁም ስለምታውቁት ነገር ልንነግራችሁ ነው። ከስሙ እንጀምራለን።

ቅጥቅጥ «ቀጠቀጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ቃል ነው። ተሳፋሪው ይህን ስም ሲጠራ በድምፁ ውስጥ ጥቂት ንቀት አለ። ከውጭ አገር ፋብሪካ ተሠርቶ የመጣው አውቶቡስ አውቶቡስ ይባላል፤ እዚህ አገር በሰው እጅ ተቀጥቅጦ የተሠራው ግን የተሠራበት ሥራ እንደ ነውር ሆኖ በስሙ ላይ ተለጥፎበታል። ነገሩ እንዲህ ነው። አይሱዙ ኤንፒአር የሚባለው የጭነት መኪና ከሞተሩ፣ ከማርሹ፣ ከጋቢናውና ከሻንሲው ጋር ይገዛል። ከዚያም ወደ ቦዲ ቤት ይገባና በሻንሲው ላይ ወለል ይነጠፋል፤ ከካሬ የብረት ቱቦ ምሰሶና ማገር ይቆምለታል፤ ላሜራ ይለብሳል፤ መስኮትና ወንበር ይገባለታል፤ ቀለም ይቀባል። በዕቃ ጫኝነት የገባው መኪና ሰው ጫኝ ሆኖ ይወጣል። ዕቃ ሊጭን የተሠራ መሆኑን ግን ባሌስትራው አይረሳውም፤ ይህንንም ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ከእኛ መካከል ስድስታችን ባለፈው ዕረፍት አዲስ አበባ ከሚገኙት ቦዲ ቤቶች በአንዱ ለሦስት ሳምንት ስንመላለስ ሰነበትን። ከተመለስን በኋላም እዚሁ መቱ ከተማ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ መዶሻ እንይዛለን። የምንነግራችሁ ያየነውንና ያበላሸነውን ነው።

አሁን ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። (ስለ ጋፋትና ስለ ሴባስቶፖል መድፍ በየንግግሩ ስለሚነሣ ዛሬ አናነሣውም።) በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ኦቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። በአገራችን የመጀመሪያው መሆኑ ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ዐዋጅ አስነገሩ፤ ይኸውም ብረት የሚሠራውን ጠይብ እያሉ፣ ሸማ የሚሠራውንና ቆዳ የሚፍቀውንም በሥራው እያዋረዱ መሳደብ እንዲቀር የሚያዝዝ ነው። መኪናውና ዐዋጁ በአንድ ዓመት መምጣታቸው እንዲያው ድንገት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መኪናው ኢሉባቦር ከደረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዐዋጁ ገና በመንገድ ላይ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

በዚያን ጊዜ የጎሬ ቡና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ የባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላም በመርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢጣልያኖች አገራችንን በያዙበት ጊዜ ካሚዮንና ጋራዥ በዙ፤ ሲወጡም ቋንቋቸው በጋራዥ ውስጥ ቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ ኮፋኖ፣ ጋቢና፣ ፓራፋንጎ፣ ባሌስትራ፣ ስቱኮ እያልን የምንጠራው ሁሉ ኢጣልያንኛ ነው። ላሜራም እንዲሁ ነው። ላሜራ የሚያቃናውን ሠራተኛ ደግሞ ባትላሜራ እንለዋለን፤ ትርጕሙም በኢጣልያንኛ «ላሜራ ደብዳቢ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንድንቆይ ፍቀዱልን። በአማርኛ ቀጥቃጭ የምንለውን ሰው በኦሮምኛ ቱምቱ ይሉታል፤ ቃሉም ቱሙ ከሚለው ግሥ ይወጣል፤ መቀጥቀጥ፣ መውቀጥ ማለት ነው። ስለዚህ በሦስት ቋንቋ አንድ ሰው በአንድ ዓይነት ስም ይጠራል ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ በገዳ ሥርዓት ሕግ ሲደነገግ ሴራ ቱሙ ይባላል፤ ሕግን መቀጥቀጥ እንደ ማለት ነው። አንድ ቃል ለሕግ አውጪው ክብር ሲሆን ለማረሻ ሠሪው ስድብ ሆኖ ኖሯል። ይህ የኦሮምኛ ብቻ በደል አይደለም፤ የአማርኛውን ጠይብ ማንም አልረሳውም።

በኢጣልያ አገር ሞዴና በምትባለው ከተማ ግን ባትላሜራ የነበረ አንድ ሰው ስሙ በዓለም ታወቀ። ሴርጆ ስካልዬቲ ይባላል። ለፌራሪ የእሽቅድምድም መኪናዎች ቦዲ ይሠራ ነበር፤ አልሙኒየሙን አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አስቀምጠው በመዶሻ እየደበደቡ፣ በዓይን እየለኩ ነበር የሚሠሩት። ከ1962 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ከዚያ ቤት 250 ጂቲኦ የተባለው መኪና 36 ያህል ወጣ። በእጅ ስለ ተሠሩ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። ከእነዚህ አንዱ በ2018 እ.ኤ.አ. በሐራጅ 48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እንግዲህ ያም ቅጥቅጥ ነው! ይህን የምንለው የእኛን አውቶቡስ ከፌራሪ ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ እንዲህ ያለ እብደት የለብንም። «በእጅ የተቀጠቀጠ» ማለት ከመጀመሪያው ስድብ እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ላሜራ በአንድ አቅጣጫ ቢጠቀልሉት አይከፋውም፤ በርሜል እንደዚያ ነው፤ የቅጥቅጥ ጎንና ጣራም ከሞላ ጎደል እንዲሁ ነው። ቦዲ ቤት ውስጥ የጎኑን ላሜራ ሲያለብሱ አስቀድመው በእሳት ያሞቁታል፤ ብረት ሲሞቅ ይረዝማልና። ሦስት ሜትር የሚሆን ላሜራ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ከፍ ቢል ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ይጨምራል። ገና ትኩስ ሳለ ዙሪያውን ይበይዱታል፤ ሲበርድ ለመኰማተር ይፈልጋል፤ መሄጃ ስለሌለው እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። እኛ ስለ ሙቀትና ስለ ርዝመት ለውጥ ፈተና የተፈተንን ተማሪዎች ይህን ባየን ጊዜ እርስ በርሳችን ተያየን። ያን ስሌት ስንሠራ ለምን እንደሚጠቅም የጠየቀ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

ጭንቁ ያለው ከማዕዘኑ ላይ ነው፤ ከግንባሩና ከጀርባው፣ ጣራው ከጎኑ ጋር በሚገናኝበት። እዚያ ላሜራው በሁለት አቅጣጫ መጕበጥ አለበት። ይህን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ወረቀት ወስዶ ግማሽ ቅል ለመሸፈን ይሞክር። ወረቀቱ በጠርዙ በኩል ይጨማደዳል፤ ጠርዙ ላይ ትርፍ አለና። መድኃኒቱ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ መካከሉን ደብድቦ ማስፋት፣ ወይ ጠርዙን ሰብስቦ ማጥበብ። መቱ በምንሠራበት ጋራዥ ውስጥ ለማስፋት የሚያገለግል የዋንዛ ግንድ አለ፤ አናቱ እንደ ሙቀጫ ተቦርቡሯል፤ ላሜራው በዚያ ላይ ተጋድሞ በእንጨት መዶሻ ይደበደባል። ለማጥበብ ደግሞ ጠርዙ ላይ እንደ ቀሚስ ሽብሽቦ ይሠራና ሽብሽቡ ወደ ጎን እንዳያመልጥ ተይዞ በራሱ ላይ ይቀጠቀጣል። ትርፉ ወደ ውፍረት ይገባል። ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው ይከብዳል፤ የባለሙያና የጀማሪ ልዩነትም የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የጋራዡን ጌታ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን፤ የሠፈሩ ሰው ኦቦ ይላቸዋል። ስማቸውን እንዳንጠራ ስለ ለመኑን አንጠራም። አዲስ አበባ በቦዲ ቤት ብዙ ዓመት ሠርተው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። በጋራዡ ጥግ ጎማ የሌለው አሮጌ ቮልስዋገን ቆሟል። የቮልስዋገን ደግነቱ አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ መሆናቸው ነው። የኋላው የቀኝ ፓራፋንጎ በዝገት አልቆ ነበርና «ይህን ሥሩ» አሉን።

የግራውን በወረቀት ለካን፤ ወረቀቱን ገልብጠን የቀኙን አወጣን። ላሜራ ለመግዛት ገንዘብ ስላልነበረን አሮጌ በርሜል ተጠቀምን፤ የበርሜል ቆዳ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ለአሮጌ መኪና ቦዲ ይስማማል። (እግረ መንገዳችንን አንድ ማስጠንቀቂያ እናስገባ፤ ቤንዚን የነበረበትን በርሜል ማንም በእሳት እንዳይቈርጥ። ባዶ ነው የተባለው በርሜል ተኑ ስላለበት ከሞላው ይልቅ ይፈነዳል። ጋሼ መጀመሪያ አሳጥበው፣ ውሃ አስሞልተው፣ በመዶሻና በመሮ ነው ያስቈረጡን።)

የመጀመሪያው ፓራፋንጎ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶ ተቀደደ። ምክንያቱን አሁን በሒሳብ ልንነግራችሁ እንችላለን፤ የላሜራውን ስፋት በሩብ ብናሳድገው ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ወደ 0.8 ይወርዳል፤ እኛ ደግሞ ያን ሁሉ ስፋት ከአንድ ቦታ ላይ ልናወጣ ፈለግን። በዚያም ላይ ብረት ሲቀጠቀጥ ይደነድናል፤ ሲደነድን ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በመካከሉ እስኪቀላ አሙቆ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ያስፈልጋል። ይህ ነገር በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ በሥዕል ተጽፏል። ጋሼ ግን በጆሮአቸው ነው የሚያውቁት፤ ላሜራው ሲደነድን መዶሻው ሌላ ድምፅ ይሰጣል፤ ከውጭ ከሰው ጋር እየተነጋገሩ እንኳ ቢሆን ያን ድምፅ ሲሰሙ «ይበቃል፣ አሙቁት» ይላሉ። የተቀደደውን አገላብጠው አይተው የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ «እናንተ የምትደበድቡት ያበጠውን ነው። መደብደብ ያለበት አጠገቡ ነው።»

ሁለተኛው አምስት ቅዳሜ ፈጀ፤ ነገር ግን ፓራፋንጎ ሆነ። ጠርዙን በሽቦ ላይ ጠቀለልነው። ወጣ ገባውን የምንፈልገው በዓይን አልነበረም፤ ዓይን ያታልላል። መዳፍ ላይ ስስ ጨርቅ አድርጎ ዓይንን ጨፍኖ ላሜራውን ማስኬድ ነው፤ ጣት የማታገኘውን ጨርቁ ያሳብቃል። እኛ ስቱኮ ቀብተን ለመጨረስ ቸኵለን ነበር፤ ጋሼ ግን አልፈቀዱም። ስቱኮ እንደ ወረቀት ሲሳሳ ነው የሚጠቅመው፤ ወፈር ካለ ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል፤ ውሃውም ከሥሩ ሆኖ ብረቱን ይበላል። እንደ መቱና እንደ ጎሬ ዝናብ በሚበዛበት አገር እንዲህ ያለ ሥራ ዕድሜ የለውም።

አሁን ደግሞ እኛ ተማሪዎች የምናውቀው፣ ጋራዡ የማያውቀው ነገር አለ ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አለ፤ ትንሽ ነው እንጂ አለ። አዲስ አበባ በነበርንበት ቦዲ ቤት ምሶሶ የሚቆመው 40 በ60 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱቦ ነበር። ሰፊው ጎን በግድግዳው ርዝመት ላይ ይጋደማል። አውቶቡስ ሲገለበጥ ግን ምሶሶውን የሚያጐብጠው ኃይል ከጎን ነው የሚመጣው። ቱቦውን ገልብጦ 60ውን ወደ ውስጥ ማዞር ብቻ፣ አንድ ግራም ብረት ሳይጨመር፣ ጥንካሬውን በሩብ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ይህን በወረቀት ሠርተን ለኃላፊው አሳየን። በትዕግሥት አዩትና «ልክ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ በእያንዳንዱ ጎን 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ በሁለቱ ጎን 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ባለንብረቱ ሊረከብ ሲመጣ በሜትር የሚለካው መተላለፊያውን ነው እንጂ ምሶሶውን አይደለም፣ አሉን። መልስ አልነበረንም። የመጽሐፉ መልስ ልክ ነበር፤ ጥያቄው ግን የመጽሐፉ ብቻ አልነበረም። በመጨረሻ የበሩንና የጀርባውን ምሶሶዎች ብቻ አዞሩልን፤ እኛም ደስ አለን።

ብዙ አገሮች ይህን ነገር በባለንብረት ሜትር አልተዉትም። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቁጥር 66 የሚባል ደንብ አለው። በዚህ ደንብ አውቶቡሱ በመድረክ ላይ ይቆምና 800 ሚሊ ሜትር ወደ ሚጠልቅ ጉድጓድ በጎኑ እስኪወድቅ ድረስ ይዘነበላል። ምሶሶው ሊጐብጥ ይችላል፤ ነገር ግን ተሳፋሪው ተቀምጦ ወዳለበት ቦታ መግባት የለበትም። ይህን ለጋሼ በነገርናቸው ጊዜ ምንም ሳይሉ ወደ ጓሮ ወሰዱንና ተገልብጦ የመጣ የአንድ ቅጥቅጥ ጎን አሳዩን። ምሶሶዎቹ መካከላቸው ላይ አልተሰበሩም፤ ከወለሉ ጋር በተበየዱበት ላይ እንደ ማጠፊያ ታጥፈው ተኝተዋል። ጋሼ ከዚያ ወዲህ የሚያድሱትን ሁሉ ከምሶሶው ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ብረት ይበይዱበታል። ደንቡን ሰምተውት አያውቁም ነበር። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ማን እንደ ነበረ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እዚህ ላይ አንድ የግል ነገር እንናገራለን፤ ባለ ነገሩም ፈቅዶልናል። አንድ ቅዳሜ ሥራ ጨርሰን ቡና ስንጠጣ ጋሼ ስለ አባታቸው አወሩን። አባታቸው ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቱምቱ ነበሩ። መስፋቸውን፣ ጕጠታቸውንና ወናፋቸውን አገሩ ሁሉ ይፈልገው ነበር፤ ሠርግ ሲሆን ግን የሚቀመጡት ለብቻቸው ነበር፤ የሚጠጡበትም ዋንጫ የተለየ ነበር። ጋሼ በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ የሄዱት ስለዚህ ነው፤ በዚያ ባትላሜራ ሲባሉ ሰዎች ቃሉን ስለማያውቁት አልሰደቧቸውም። «በባዕድ ቋንቋ ሲሆን ሥራ ሆነ» አሉና ሣቁ። እኛም አብረን ሣቅን።

ወደ ግቢያችን ስንመለስ ከስድስታችን አንዱ ዝም ብሎ ይሄድ ነበር። ሶር ሆቴልን አልፈን ወደ ዳገቱ ስንወጣ «የእኔም አያት እንደዚያ ነበሩ» አለን። በአንድ ክፍል ውስጥ አልጋ ለአልጋ ሆነን ሦስት ዓመት ኖረናል። ስለ ዘመዶቻችን፣ ስለ ከብቶቻችን፣ ስለ ቡናችን ያልተነጋገርነው የለም። ያን ግን አልነገረንም ነበር። ለምን ሳትነግረን ቀረህ ብለን ልንቆጣው ፈለግንና፣ ቆም ብለን ስናስብ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ስንት ጊዜ በእርሱ ፊት በዚያ ቃል እንደ ቀለድን ትዝ አለን። ሊቆጣ የሚገባው እርሱ ነበር። ዛሬ ይህን ንግግር ከጻፍነው መካከል አንዱ እርሱ ነው፤ ስለ ቱሙና ስለ ሴራ ቱሙ ያለውን ክፍል የጻፈውም እርሱ ነው።

ለኅብረቱ አንድ አሳብ አቅርበናል፤ ይኸውም ጋሼ በወር አንድ ቀን ወደ ወርክሾፓችን መጥተው ላሜራ እንዲያሳዩን፣ እኛም በበኩላችን የምሶሶ ስሌት ለጋራዡ ልጆች እንድናስተምር ነው። ጋሼን ስንጠይቃቸው አልከለከሉንም። የጠየቁን ነገር ቢኖር መዶሻቸውን ይዘው በዋናው በር ሲገቡ ዘበኛው ያሳልፋቸው እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ የሚመጡበት ቀን ሲታወቅ ሁለት ሦስታችን ከበሩ ቆመን እንቀበላቸዋለን፤ መምህራንም ቢገኙልን ደስ ይለናል።

ፓራፋንጎው በአዳራሹ መውጫ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ጨርቅ አለ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩት። ከመብራቱ ማሰሪያ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ አንድ እብጠት ቀርቶበታል፤ እኛ እናውቀዋለን፤ ጋሼም ያውቁታል፤ በስቱኮ እንዳንሸፍነው ተብለናል። በሚመጣው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ልናቃናው እንሞክራለን። መምጣት የሚፈልግ አሮጌ ልብስና ድፍን ጫማ ያድርግ፤ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ጋሼ አያስገቡም።